ውሻ ክፉ አመል የሚያወጣው ስለ ምንድን ነው?

በግቢያችን ውስጥ መከታ የሚባል ውሻ አለ። ስሙን ያወጣንለት ገና ቡችላ ሳለ ነው፤ አድጎ ቤቱን ከሌባ፣ ዶሮዎቹንም ከአውሬ ይጠብቅልናል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። እርሱም ተስፋችንን አላጎደለም፤ ሌሊቱን ሲጮኽልን፣ ስንገባ ጅራቱን ሲቈላልን፣ ስንወጣም በዓይኑ ሲሸኘን ሦስት ዓመት ኖረ። በአራተኛው ዓመት በቡሄ ዕለት ግን የወንድማችንን ልጅ እጁን ነከሰው።

ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። ከክርስትና እናቱ የተሰጠውን ሙልሙል ይዞ፤ ለውሻው ሊያካፍለው ወድዶ፤ ማንም ሳያየው ወደ ታሰረበት ሥፍራ ሄደ። በአንድ እጁ ቍራሹን ዘረጋለት፤ በሁለተኛው እጁ አንገቱን ሊያቅፈው ሞከረ። ውሻውም ሳይጮኽና ሳያጉረመርም በድንገት ነከሰው። ጩኸቱን ሰምተን ስንደርስ የልጁ እጅ በደም ርሷል፤ ሙልሙሉ መሬት ላይ ወድቋል፤ ውሻው ደግሞ ሰንሰለቱ እስከ ፈቀደለት ድረስ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከግንቡ ጥግ ተለጥፏል።

ልጁ ታክሞ ከተመለሰ በኋላ በዚያው ምሽት በውሻው ላይ ፍርድ ተሰማ። ጎረቤታችን «መርዝ አብሉትና ተገላገሉ» አሉ። ወላጅ እናታችንም «ሕፃን የነከሰ ውሻ ከሕፃናት ጋራ በአንድ ግቢ አያድርም» አሉ። እኛም ብንሆን ቍጣችን ከእነርሱ ቍጣ ያነሰ አልነበረም። ልጁ ግን እጁ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ ከአያቱ እግር ሥር ተቀምጦ ሲያዳምጥ ቆየና ቀና ብሎ፤ «ጋሼ፤ መከታ ለምን ጠላኝ?» ሲል ጠየቀን።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ውሻው ነከሰ ለማለት ዐወቅን እንጂ ስለምን ነከሰ ብለን አልጠየቅንም ነበር። ይህንን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያ የሕፃን ጥያቄ ካሳደረብን ዕዳ የተነሣ ነው፤ በየቤቱ ውሻ የሚያኖሩ ወላጆችም ከእኛ ጥፋት ትምህርት እንዲያገኙ በማሰብ ነው።

አስቀድሞ የተነከሰውን ማዳን

ስለ ውሻው ጠባይ ከመመራመር በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ውሻ የነከሰው ሰው፤ ቍስሉ ትንሽ ቢመስልም እንኳ፤ ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ቍስሉን መታጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜው የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ የሚበዙትም የእስያና የአፍሪካ ሰዎች ናቸው፤ ከመቶው 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍበት መንገድ ከመቶው 99 እጁ በውሻ ነው። ስለዚህ «ውሻው የራሳችን ነው፤ ምንም አያመጣም» ብሎ ችላ ማለት፤ ወይም ቍስሉ ላይ ቅጠል አድርጎ ቀን መቍጠር፤ ሕይወትን የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

እኛም ልጁን እንዲህ አድርገን አጥበን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ስለ ውሻው ክትባት ሲጠይቀን ጊዜው እንዳለፈበት በኀፍረት ነገርነው። እርሱም ውሻውን እንዳንገድል፤ ነገር ግን ማንም በማይደርስበት ሥፍራ ዘግተን 10 ቀን እንድንጠብቀው አዘዘን። ምክንያቱም በሚነክስበት ሰዓት በሽታው በምራቁ ውስጥ ያለበት ውሻ በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ምልክቱን አሳይቶ ይሞታል፤ 10 ቀን በጤና ከቆየ ግን በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የልጁ ክትባት ግን ይህንን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ተጀመረ።

እነዚህ 10 ቀኖች ለውሻው የፍርድ ቀጠሮ ነበሩ፤ ለእኛ ግን የትምህርት ቀኖች ሆኑልን። መጽሐፍ አገላበጥን፤ የእንስሳት ሐኪም ጠየቅን፤ ከሁሉም በላይ የራሳችንን ሥራ ወደ ኋላ ተመልሰን መረመርን። የተረዳነውን በየተራው እናስቀምጣለን።

የመጀመሪያው ምክንያት፤ ሕመም

የእንስሳት ሐኪም በሦስተኛው ቀን መጣልን። እጁን በወፍራም ጓንት ሸፍኖ፤ የውሻውንም አፍ አሳስሮ፤ መላ አካሉን ተመለከተ። በመጨረሻም የአንገቱን ጠጕር ወደ ላይ ገለጥ ቢያደርግ ከማሰሪያው በታች ያመረቀዘ ቍስል ተገኘ። ያንን ማሰሪያ ያሰርንለት አካሉ ገና ሳይፈረጥም ነበር፤ አንገቱ ሲወፍር እኛ አላላላንለትም፤ ጠጕሩም ስለ ሸፈነው አላየነውም። ልጁ በፍቅር ሊያቅፈው የዘረጋው እጅ ያረፈው በዚያ ቍስል ላይ ነበር።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፤ ጨዋ ሆኖ የኖረ ውሻ በድንገት ጠባዩ ሲለወጥ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሕመም ነው። የጆሮ ቍስል፣ የጥርስ ሕመም፣ የአጥንት መገጣጠሚያ ሕመም፣ የሆድ ትላትልም ቢሆን ውሻን ያስቈጣዋል። ያረጀ ውሻ ዓይኑ ሲፈዝና ጆሮው ሲደክም የሚቀርበውን ሳይለይ ደንግጦ ይነክሳል። ውሻ የሚያመውን በቃል ሊነግረን አይችልም፤ ያለው ቋንቋ መሸሽ፣ ማጉረምረምና መንከስ ብቻ ነው።

ከሕመሞች ሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ የታወቀ ነው። ያለ ምክንያት መቅበዝበዝ፣ ያገኙትን መናከስ፣ የድምፅ መለወጥ፣ መዋጥ አለመቻልና ለሃጭ ማዝረክረክ፣ በኋላም የአካል መስነፍ ምልክቶቹ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም የታመመ ውሻ የሚቅበዘበዝ አይደለም፤ በዝምታ ተኝቶ አካሉ የሚዝልበትም አለ፤ ይህኛው ባለመፈራቱ ይበልጥ ያታልላል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን ውሻ ማንም በእጁ ሊነካው አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት፤ የቡችላነት ዘመን

የሰው ልጅ በሕፃንነቱ ያልተማረውን በእርጅናው እንደሚቸገርበት ውሻም እንደዚሁ ነው። የውሻ የትምህርት ዘመን ግን እጅግ አጭር ነው። በአሜሪካ አገር በሜይን ክፍለ ግዛት ባር ሃርበር በሚባል ሥፍራ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሊቃውንት የቡችሎችን አስተዳደግ ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ውጤቱን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. በመጽሐፍ አውጥተዋል። ከእነርሱና ከእነርሱ በኋላ ከመጡት እንደምንማረው፤ ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት አካባቢ ድረስ ያየውንና የለመደውን ሁሉ እንደ ወዳጅ ይቀበላል፤ ይህ በር ከተዘጋ በኋላ የሚያየውን አዲስ ነገር ግን በፍርሃት ይመለከታል።

በዚያው ሥፍራ ዳንኤል ፍሪድማን ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ በ1961 ዓ.ም. እንዲሁ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ያሳተመው ምርምር ይህንኑ በግልጥ ያሳያል። ቡችሎቹ ሰው በማያዩበት የታጠረ መስክ ውስጥ ከእናታቸው ጋራ እንዲያድጉ ተደረገ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በተለያየ ዕድሜ ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሰው ጋራ ቆይተው ተመለሱ። እስከ 14 ሳምንት ድረስ ከሰው ጋራ ያልተገናኙት ቡችሎች እንደ ዱር አውሬ ሆኑ፤ ሰው ሲቀርባቸው ይሸሻሉ፤ በኋላ በብዙ ድካም ቢሞከርም እንደ ሌሎቹ ሊለምዱ አልቻሉም። የአንዲት ሳምንት ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ከዚህ ይታያል።

መከታን ያመጣነው ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነበር። ይህ ራሱ ጥቂት ፈጥኗል፤ ቡችላ እስከ 8 ሳምንት ድረስ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋራ ቢቆይ ጥርሱን በምን ያህል ኀይል መጠቀም እንደሚገባው ከጨዋታ ይማራል። ካመጣነውም በኋላ «ሰው ከለመደ ጥሩ ጠባቂ አይሆንም» በማለት ከአጥሩ ሥር አሰርነው። በዚያ ጊዜ በቤታችን ሕፃን አልነበረም። እንግዲህ ለመከታ ሕፃን ማለት ቁመቱ አጭር፣ ሩጫው ድንገተኛ፣ ድምፁም ቀጭን የሆነ እንግዳ ፍጥረት ነበር።

ሰው የለመደ ውሻ ቤት አይጠብቅም የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ቤት ይሰማል። ነገር ግን ከቤተ ሰብ ጋራ የኖረ ውሻ ቤተ ሰቡን ከእንግዳ ለመለየት የተሻለ ችሎታ አለው፤ ሁሉን የሚፈራ ውሻ ግን ሌባውንና የቤቱን ልጅ አይለይም።

ሦስተኛው ምክንያት፤ ፍርሃት

ብዙ ሰው የሚናከስ ውሻ ደፋር ይመስለዋል። እውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ የሚናከስ ውሻ የፈራ ውሻ ነው። የፈራ እንስሳ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይሸሻል ወይ ይዋጋል። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ የመሸሻው መንገድ ተዘግቶበታልና የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. ከአሜሪካ አገር ከዴንቨር ከተማ የወጣ ጥናት፤ ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋራ አስተያይቶ፤ ወንዶች፣ ያልተኰላሹና በግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩ ውሾች በነከሱት መካከል በልጠው መገኘታቸውን አመልክቷል። እርግጥ አንዳንዱ ውሻ የታሰረው ቀድሞም ተናካሽ ስለ ሆነ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሰንሰለቱ ቍጣን እንደማያበርድ ከዚህ ልንረዳ እንችላለን።

አሁን ያችን የቡሄ ዕለት እናስታውስ። ከዋዜማው ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ሰንብተዋል። በዕለቱም ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች በየደጁ እየዞሩ መሬቱን በዱላ ሲደበድቡ ውለዋል። ለእኛ ደስታ የሆነው ድምፅ፤ የውሻ ጆሮ ከሰው ጆሮ ይበልጥ የሠላ ስለ ሆነ፤ ለታሰረው እንስሳ መከራ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለቱ ዙሪያ ሲንቀጠቀጥ ዋለ፤ እኛም አየነው፤ ግን ዝም አልነው። ልጁ ሙልሙሉን ይዞ የቀረበው በዚህ ቀን ማታ ነው።

ውሻ ከመንከሱ በፊት የሚናገራቸው ምልክቶች አሉት። ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይኖርበት ያዛጋል፤ የዓይኑ ነጩ ይታያል፤ ጅራቱን ከሆዱ ሥር ይደብቃል፤ አካሉ እንደ እንጨት ይደርቃል። ይህንን የሚያይለት ሲያጣ ያጉረመርማል፤ ጥርሱንም ይገልጣል። ማጉረምረም ማለት «እባካችሁ ራቁልኝ» የሚል ልመና ነው።

የእኛ ትልቁ ጥፋት ከዚህ ላይ ነው። መከታ በሦስተኛው ዓመቱ በአንድ እንግዳ ላይ ባጉረመረመ ጊዜ በዱላ መታነው፤ ሁለተኛም ጊዜ እንደዚሁ አደረግን። ከዚያ ወዲህ አላጉረመረመም፤ እኛም አመሉ ተቃና ብለን ደስ አለን። ፍርሃቱ ግን ከውስጡ አልወጣም፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። ደወሉን ሰብረን እሳቱን ትተነው ነበር። ልጁን ሳያጉረመርም የነከሰው ማጉረምረም እንደማይፈቀድለት እኛው ስላስተማርነው ነው። አበው «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ያሉት በእኛ ላይ ተፈጸመ።

አራተኛው ምክንያት፤ ብቸኝነትና ሥራ መፍታት

ውሻ ከሰው ጋራ መኖር ከጀመረ ቢያንስ 14,000 ዓመት ሆኖታል። በዚህ ረጅም ዘመን ሰው አንዱን ዝርያ ለአደን፣ አንዱን ለእረኝነት፣ አንዱን ለጥበቃ እየመረጠ አራብቶታል። ስለዚህ ውሻ በተፈጥሮው ባልንጀራና ሥራ የሚሻ እንስሳ ነው። ከጧት እስከ ማታ በሁለት ክንድ ሰንሰለት ታስሮ ግንብ ሲመለከት የሚውል ውሻ ጉልበቱን የሚያወጣበት ሲያጣ መሬት ይቈፍራል፤ ያገኘውን ጫማና ልብስ ይቦጫጭቃል፤ ሌሊቱን ያላዝናል፤ በአንድ ሥፍራ ይሽከረከራል፤ ያለ ማቋረጥ ይጮኻል።

እኛ ይህንን ክፋት ብለን እንጠራዋለን። ነገር ግን የታሰረ ሰው በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ብናይ ክፉ ነው አንለውም። በቀን ሁለት ጊዜ ከባለቤቱ ጋራ የሚንሸራሸር፤ ምግቡን አሽትቶ ፈልጎ እንዲያገኝ የሚደረግ፤ ጥቂት ትእዛዝ የሚማር ውሻ ከዚህ አመል አብዛኛውን ይተዋል። ያልተኰላሸ ወንድ ውሻ በየጊዜው አጥር ዘልሎ ሲጠፋና ከሌሎች ጋራ ሲጣላ የሚታየውም ተፈጥሮው ስለሚገፋው ነው፤ ለዚህ የእንስሳት ሐኪም መፍትሔ አለው።

አምስተኛው ምክንያት፤ እኛ ራሳችን ያስተማርነው

ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር በ1904 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሰው ነው። ውሾቹ ምግብ ሳይቀርብላቸው፤ የምግቡን መምጣት የሚያስታውቃቸውን ምልክት በመስማት ወይም በማየት ብቻ፤ ምራቃቸው ሲፈስ ተመለከተ። ከዚህም ውሻ አንዱን ነገር ከሌላው ጋራ አያይዞ እንደሚማር ዓለም ተረዳ። የበሩ ድምፅ የጌታውን መምጣት፣ የጅራፍ ድምፅ መከራን፣ የሕፃናት ሣቅ የድንጋይ ውርወራን የሚያስታውቀው ውሻ እንዲሁ ተምሮ ነው።

ከዚህም ሌላ ውሻ ጥቅም ያገኘበትን ሥራ ይደጋግማል። ማዕድ ላይ ሳለን ሲጮኽ «ዝም በል» ብለን ቍራሽ ብንወረውርለት፤ ዝም ማለትን ሳይሆን መጮኽን እንከፍለዋለን። አንድ ቀን ሰጥተን አንድ ቀን ብንከለክለው ደግሞ ይብሳል፤ ምናልባት ዛሬ ይሆናል እያለ ሳይታክት ይጮኻል። በአጥሩ አጠገብ በሚያልፈው መንገደኛ ላይ የሚጮኸው ውሻም እንደዚሁ ነው፤ መንገደኛው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ለውሻው ግን የጩኸቱ ድል ይመስለዋል፤ ነገም ይደግመዋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ስለ ታማኝነቱ የተነገረ ነው፤ ስለ ትምህርቱም ቢነገር አያሳስትም።

የምግብን ነገር በልዩ እንናገራለን። በብዙ ቤት የውሻ ምግብ የማዕድ ትራፊ ነውና በጾም ወራት እንጀራና ሽሮ ብቻ ይደርሰዋል፤ በፋሲካ ቀን ደግሞ በአንድ ጊዜ የአጥንት ክምር ይጣልለታል። ለብዙ ሳምንት ያላገኘውን ነገር ያገኘ እንስሳ የሚነጥቀው እንዳይመጣ አጥብቆ ይጠብቃል። በበዓል ቀን ልጆች በግቢው ይሯሯጣሉ፤ እንግዳም ይበዛል፤ ስለዚህ አጥንት የያዘ ውሻ ከሕፃናት ተለይቶ በተዘጋ ሥፍራ መብላት አለበት። አጥንቱን ከአፉ መንጠቅ «ጌታው እኔ ነኝ» ብሎ ለማሳየት የሚጠቅም የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ሰው ሌባ መሆኑን ብቻ ነው። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋው ስለሚችል ባይሰጠው ይመረጣል። ጾም የሰው ሥርዓት ነው እንጂ ለውሻ የታዘዘ አይደለምና በጾምም ወራት ለአካሉ የሚስማማ ምግብ በልክ ቢያገኝ በፍስክ ቀን አይስገበገብም።

በስሕተት የምንፈርደው ፍርድ

የውሻን ጠባይ በሰው ሚዛን የምንመዝንባቸው ሦስት ስሕተቶች አሉ።

አንደኛው «ጥፋቱን ያውቃል» የምንለው ነው። ጫማ የቦጫጨቀ ውሻ ጌታው ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ቢያዩት የተጸጸተ ይመስላል። በኒው ዮርክ የምታስተምረው አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባሳተመችው ምርምር 14 ውሾችን ፈትና፤ ይህ የጸጸት ፊት የሚታየው ውሻው ባጠፋ ጊዜ ሳይሆን ጌታው በተቈጣ ጊዜ መሆኑን አሳየች። ምንም ያላጠፋ ውሻ እንኳ ጌታው ከተቈጣው አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ዱላ ጥፋቱን አያስተምረውም፤ የሚያስተምረው የጌታው መምጣት የሚያስፈራ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው «ሊገዛን ይፈልጋል፤ ካልሰበርነው ይሰብረናል» የሚለው ነው። ይህ አሳብ የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. ሩዶልፍ ሼንክል ስለ ታጐሩ ተኵላዎች ከጻፈው ነው። በኋላ ግን ዴቪድ ሜክ የተባለው የተኵላ ሊቅ፤ ቀድሞ ይህንኑ አሳብ በ1970 ዓ.ም. መጽሐፉ ያስፋፋ ሰው ሆኖ ሳለ፤ በካናዳ በኤልዝሚር ደሴት የሚኖሩ የዱር ተኵላዎችን ለብዙ ዓመታት ከተመለከተ በኋላ በ1999 ዓ.ም. የቀድሞ አነጋገሩን አረመ። የተኵላ መንጋ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ የሚኖሩበት ቤተ ሰብ ነው እንጂ ዙፋን የሚሻሙበት የጦር ሜዳ አይደለም። ሊቅ ስሕተቱን በአደባባይ ሲያርም ማየት ለእኛም ድፍረት ይሰጠናል።

ሦስተኛው «ቂም ይዞ ተበቀለን» ማለት ነው። ብቻውን ተዘግቶ የዋለ ውሻ ቤቱን ቢያበላሽ ብዙ ጊዜ ከጭንቀት የተነሣ ነው እንጂ ከበቀል አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ክፉ አመል ያወጣ ውሻ በእንስሳት ሐኪም ይታይ። ቀጥሎ አንድ ደብተር ተይዞ ሦስት ነገር ይጻፍበት፤ አመሉ ከመታየቱ በፊት ምን ሆነ? ውሻው በትክክል ምን አደረገ? ከዚያስ በኋላ ምን አገኘ? ይህ ለሁለት ሳምንት ቢጻፍ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ራሱን ይገልጣል። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ሥራው ሁለት ነው፤ የሚያስፈራውን ማራቅ፤ የሚፈለገውን ጠባይ ደግሞ ወዲያውኑ በምግብና በመልካም ቃል መክፈል።

ለልጆችም ይህንን እናስተምር። የተኛ፣ የሚበላ፣ የታሰረና ቡችሎቿን የምታጠባ ውሻ አይነካም። የማያውቁትን ውሻ አያቅፉ፤ ዓይን ለዓይን አያፍጡ። ውሻ ቢመጣባቸው አይሩጡ፤ እጃቸውን ወደ አካላቸው ሰብስበው እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው ይቁሙ። በውሻ ላይ ድንጋይ አይወርውሩ፤ ዛሬ የተወረወረው ድንጋይ ነገ በሌላ ልጅ ላይ በንክሻ ይመለሳልና። ወላጅም ሕፃንንና ውሻን፤ ውሻው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን፤ ብቻቸውን አይተዋቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይታረም ውሻ የለም አንልም። ደጋግሞ በብርቱ የሚነክስ፤ ሰውንም ለአደጋ የሚያጋልጥ ውሻ ይገኛል። የሰው ሕይወት ይቀድማልና እንዲህ ያለውን ስለ ማሰናበት ከሐኪም ጋራ መመካከር ይገባል፤ መርዝ ግን ለውሻው ሥቃይ፤ ለሚያገኘው ሕፃንና ለሌላውም እንስሳ ሞት ነው።

የመከታ ነገር

10ኛው ቀን መከታ በጤና አገኘው። ክትባቱን ተከተበ፤ የአንገቱ ቍስል ታከመ፤ ሰንሰለቱም ተፈታ። በግቢው ጥግ በእንጨትና በሽቦ አጥር ከልለን የሚንጐራደድበት ሥፍራና የሚጠለልበት ጎጆ ሠራንለት፤ ጧትና ማታም በገመድ ይዘነው እንወጣለን። እናታችን ለጊዜው አልተደሰቱም ነበር፤ ዛሬ ግን ምግቡን በልክ አድርገው የሚያቀርቡለት እርሳቸው ናቸው።

ልጁን በተመለከተ አልተቻኰልንም። ለብዙ ሳምንት ከአጥሩ ውጭ በሩቅ ቆሞ፤ ከአጠገቡም ከእኛ አንዱ ቆሞ፤ ቍራሽ እየወረወረለት ይመለስ ነበር። ውሻው ልጁን ባየ ጊዜ ጆሮውን ማቆምና ጅራቱን መቍላት ሲጀምር ጥቂት በጥቂት አቀረብነው። ዛሬም ቢሆን ብቻቸውን አንተዋቸውም። ቡሄ ሲደርስ መከታን ድምፅ ወደማይበዛበት የኋላ ክፍል አስገብተን በሩን እንዘጋለን፤ ጅራፉ እስኪያባራም ከእኛ አንዱ አብሮት ይቀመጣል።

ባለፈው ወር አንድ እንግዳ ወደ አጥሩ ተጠግቶ እጁን ሊያስገባ ሲል መከታ አጉረመረመ። በዓመታት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። እንግዳው ደንግጦ እጁን ሰበሰበ፤ እኛም «ጥሩ አደረግህ» ብለን ውሻውን አመሰገንነው። እንግዳው ተገርሞ አየን። የተሰበረው ደወል መመለሱን እርሱ አያውቅም።

ለልጁም ጥያቄ መልሱን ሰጠነው። «አልጠላህም፤ አሞት ነበር፤ ፈርቶም ነበር፤ እንዳይነግርህም እኛ አፉን ዘግተነው ነበር» አልነው። ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ፤ «እንግዲያው ይቅርታ መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችኋ» አለን። እውነቱን ነው።